የጣራው ደንገል

ቤት እንዳንል ጎማ አላት፣
መኪና እንዳንል ሞተር የላት፤
ሦስት ሰው ታስተኛለች፣ እግር ካጠፉላት።
መኪናው ጎትቶ አምጥቶ፣ ፈትቷት ሄደና፣
ሽምብጥ ዳር ቀረች፣ ፊቷን ሰጥታ ለጣና።
«የእንቦጭ ጥናት» ብለው ጎኗ ላይ ጽፈዋል፣
«ጥ»ዋን ፀሐይ በልቷት «የእንቦጭ ናት» ይላል።

የሆዷ ዕቃ ለሁሉም ይታያል፤
ጠርሙስ፣ ማይክሮስኮፕ፣ ፍሪጅ ተደርድሯል።
ነፍሷ ግን ከላይ ናት፣ ዓይን ከማይደርስበት፤
አንቴናው፣ የውሃው ጋን፣ ንፋስ ማውጫው፣
ሁለት ሶላር ደግሞ፣ ፀሐይ የሚታለብበት።

ጠዋት ሻላው ሁሉ ዓሣውን ጠግቦ ሲመለስ፣
እዚያ ላይ ያርፋል፣ ነጭ ኖራውን ሊያፈስ።
ከዚያ መብራት ይደክማል፣ ፍሪጁም ያቃስታል፣
«ጋሽ ልየው! ኧረ ወፉን!» ስናፍቅሽ ስትል ይሰማል።

መውጣትስ በምን?
የጥንቱ መሰላል በብሎን ነበር የታሰረ፤
ብሎኑ በበሳው ክረምቱ ገብቶ አደረ፣
ጣውላው ሻገተ። ነቀልነው። ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንን።
ከቀለም ቀቢው ከአዳሙ የብረት መሰላል ተውሰን
ብናስደግፋት፣ ጠርዟ እንደ ብርቱካን ተላጠ።
ወጣሁ ቢሆንም። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፤
በሦስተኛው ጣራው «ቋ!» አለና ጎደጎደ፣
ልቤም አብሮት ወረደ።

ጋሽ ይማም ከታች፣ ደንገሉን በጉልበቱ ረግጦ፣
ታንኳውን በልጥ እየጠፈረ፣
ቀና ሳይል ተናገረ፦
«አጥንቷን ሳታውቅ ሥጋዋን ትረግጣለህ?
ታንኳ ላይ ሲንጎራደድ ሰው አይተህ ታውቃለህ?
ተንበርከክ። ክብደትህን በትነው።
መዳፍህም እግር ነው።»

«ታንኳ ሠሪ ስለ ሶላር ምን ያውቃል?» አልኩ፣
በሆዴ። ወርጄ ግን ጠየቅኩ።

በማግስቱ መጣ፣ ደንገል ተሸክሞ፤
ጣራውን ከውስጥ በጣቱ አንኳኳው፣ አንገቱን አዝምሞ።
«እዚህ ባዶ... እዚህ አጥንት...» እያለ በከሰል አሰመረ።
አንዱን ረጅም እስር ከአጥንት እስከ አጥንት ወጠረ፣
መርገጫ ድልድይ። ለመሰላሉም ጫፎች ጫማ ሰፋላቸው፣
የተላጠውን ጠርዝ ዳግም እንዳይነካው ብረታቸው።
በመጨረሻ ሰሌን ሸመነ፣ የጣት ውፍረት ያለው፣
ከመሬት በገመድ ሲስቡት ሶላሩን የሚያለብሰው።
«ስንት ልክፈል?» ብለው፣
«ባዶ ሃይላንድ የለህም? ለመረቤ ተንሳፋፊ ነው።»

ግንቦት ማብቂያ ላይ፣ ከዘጌ ማዶ ማጉረምረም፣
ገመዱን ሳብኩ፤ ግማሽ መጣ፣ ግማሹ ግን አልመጣም።
ጉልበቴን ሳስብ ስናፍቅሽ ቀደመችኝ፣
ባትሪ በጥርሷ ነክሳ፣ ነጠላ ጫማዋን ጥላብኝ።
ደንገሉ ላይ ተንበርክካ የተያዘውን ስትፈታ
በረዶው ደረሰ፣ ያለ ሰላምታ።
እኔ ከታች ቆሜ መሰላሉን አቅፌ
«ውረጂ!» ብል፣ ነፋሱ መለሰው ወደ አፌ።

ሲነጋ የሰፈሩ ማንጎ ረግፏል፣ ቆርቆሮው ተበስቷል።
የኛ ሶላር ደህና ነው።
ክንዷ ላይ ግን ሰማያዊ ነጥብ በነጥብ፣ ያልተጠየቀ ንቅሳት።
ጋሽ ይማም ሰሌኑን ዳሰሰ፦ «በረዶን አይመታም፣ ይቀበላል እንጂ።
ዕድሜው ግን እንደ ታንኳ ነው። በጥቅምት ሌላ።»

ለዓመት በዓል ሸፍነናት ሄደን፣ ተመለስን።
በጥቅምት፣ እንዳለው፣ አዲሱን ተሸክሞ መጣ፣
በጫማው መሰላል ቀስ ብሎ ወጣ፣
እዚያው ቆሞ ቀረ።
«ልየው፣ ናና እየው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
አየሁ። በአሮጌው ሰሌን እጥፋት፣ የገመዱ ጥግ ላይ፣
ሦስት እንቁላል። እናቲቱ ከአንቴናው ትቆጣናለች።
ብሎን አልበሳች፣
መሰላል አልተዋሰች።

አንዱን ሶላር ገለጥን፤ ሌላውን ተውነው።
ያለውን ለፍሪጁ፣ ናሙናው እንዳይበላሽ፤
እኛ በሻማ አመሸን።
አዲሱ ሰሌን ከጎማው ሥር ተጠቅልሎ ይጠብቃል።
ስናፍቅሽ በየማታው መዝገቡን ትሞላለች፦
«ኃይል፦ ግማሽ።
ምክንያት፦ ጣራ ላይ ተከራይ አለ።»